ለማኑዋል ካምቢዮ የሚስማማው ዘይት

ማኑዋል ካምቢዮ ውስጥ የሚገባ ዘይት ሁለት የሚቃረኑ ሥራዎች አሉበት። ጥርስ ከጥርስ ጋር ሲገናኝ መካከላቸው ገብቶ ብረት ብረትን እንዳይበላ ይከላከላል። አሽከርካሪው ማርሽ ሲቀይር ደግሞ ለአንዲት ቅጽበት ከመካከል ወጥቶ ሁለት ገጽታዎች እንዲያያዙ መንገድ ይለቃል። ዘይት ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የመጀመሪያው ሥራ ብቻ ነው። «ወፍራም ይሻላል»፣ «ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል» የሚለው ልማድም የመጣው ከዚሁ ነው። ይህ ልማድ ለዲፈረንሻል ሊያስኬድ ይችላል፤ ካምቢዮን ግን ሳይታወቅ ያለ ዕድሜው ይጨርሰዋል።

በዛሬዎቹ ካምቢዮዎች ውስጥ ወደፊት የሚያስኬዱት ማርሾች ጥርሶቻቸው ሁልጊዜ እንደተያያዙ ይሽከረከራሉ። አሽከርካሪው የማርሹን እጀታ ሲገፋ ጥርስ ከጥርስ እያገናኘ አይደለም፤ በዘንጉ ላይ በነፃ ከሚዞሩት ማርሾች አንዱን ከዘንጉ ጋር እየቆለፈ ነው። ችግሩ ዘንጉና ማርሹ በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ መሆናቸው ነው። ፍጥነታቸውን የሚያስተካክለው ሲንክሮናይዘር ይባላል። ዋናው አካሉ ብዙ ጊዜ ከናስ ወይም ከነሐስ የሚሠራ፣ ውስጡ ሾጣጣ የሆነ ቀለበት ነው። ቀለበቱ በማርሹ ሾጣጣ አካል ላይ ሲጫን በሰበቃ ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል፤ ፍጥነታቸው እኩል ሲሆን ቁልፉ ያለ ድምፅ ይገባል። የሚኒባስ ረዳት በሚንቀሳቀስ ታክሲ ላይ ከመዝለሉ በፊት ጥቂት እርምጃ አብሮት እንደሚሮጥ ነው። ይህን መሣሪያ በፋብሪካ ደረጃ መጀመሪያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1928 ካዲላክ ነበር። ከዚያ በፊት ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥና የሞተሩን ፍጥነት በጆሮ ማመጣጠን ግድ ይል ነበር።

በቀለበቱ ውስጠኛ ገጽታ ላይ ጸጉር የሚያካክሉ ጎድጎዶች አሉ። ሥራቸው በሁለቱ ገጽታዎች መካከል ያለውን የዘይት ሽፋን ቆርጦ ማስወጣት ነው። ዘይቱ ከታሰበው በላይ የሚያንሸራትት ከሆነ ቀለበቱ ማርሹን መያዝ ያቅተዋል፤ ከታሰበው በላይ ወፍራም ከሆነም ሽፋኑ ቶሎ አይቆረጥም። በሁለቱም ሁኔታ ፍጥነቱ ሳይስተካከል ቁልፉ ይገፋል፣ ማርሹ ይጮኻል፣ የቀለበቱ ጫፍ እየተበላ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታመመው ሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀየር የሚስተካከለው የፍጥነት ልዩነት ትልቅ ነውና።

ከዚህ ቀጥሎ የዘይት ዕቃ ላይ ከተጻፉት ምልክቶች ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ይመጣል፦ ጂኤል-4 እና ጂኤል-5። እነዚህ የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኤፒአይ፣ የማርሽ ዘይቶችን የሚመድብባቸው ደረጃዎች ናቸው። አምስት ከአራት ስለሚበልጥ ጂኤል-5 የተሻሻለው፣ ጂኤል-4 ደግሞ ያረጀው የሚመስላቸው ገዢዎች ጥቂት አይደሉም፤ አንዳንድ ሻጮችም እንደዚያ ብለው ይሸጣሉ። እውነቱ ግን ሁለቱ ለተለያየ ሥራ የተዘጋጁ መሆናቸው ነው።

ጂኤል-5 የተቀመመው ሃይፖይድ ለሚባል የጥርስ ዓይነት ነው። በኋላ ጎማ በሚነዱ መኪኖች ዲፈረንሻል ውስጥ ትንሹ ነጂ ማርሽ፣ ፒኒዮኑ፣ ከትልቁ ማርሽ ከኮሮናው መሐል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ይህ አቀማመጥ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ወደ ቤት መኪና ሲገባ ዋና ጥቅሙ የማስተላለፊያውን ዘንግ ዝቅ በማድረግ የመኪናውን ወለል ማውረድ ነበር። ዋጋውን የከፈለው ዘይቱ ነው። የሃይፖይድ ጥርሶች መንከባለል ብቻ ሳይሆን ከባድ ጫና ተሸክመው በቁመታቸው እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፤ ተራ ዘይት ከመካከላቸው ተጨምቆ ይወጣል። ስለዚህ ዘይቱ ውስጥ የድኝና የፎስፈረስ ውሁዶች ይጨመራሉ። እነዚህ ውሁዶች ብረቱ ሲግል ከብረቱ ገጽታ ጋር ተዋህደው ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ሽፋኑ በብረቱ ፋንታ እየተበላ እንደገና ይተካል። ዕቃው ላይ «ኢፒ» የሚሉት ፊደላት የሚያመለክቱት ይህን ከፍተኛ ጫና የመሸከም ችሎታ ነው። ጂኤል-4 ተመሳሳይ ቅመም አለው፤ መጠኑ ግን በግምት የጂኤል-5ን ግማሽ ያህላል።

የካምቢዮ ጥርሶች ሄሊካል፣ ማለትም ሰያፍ የተቀረጹ ናቸው፤ መንሸራተታቸው እንደ ሃይፖይዱ የከፋ ስላልሆነ ያን ሁሉ ቅመም አይፈልጉም። ቀለበቱ ግን ከናስ ወይም ከነሐስ የተሠራ ስለሆነ ውስጡ መዳብ አለ፤ ድኝ ደግሞ ከመዳብ ጋር መዋሃድ ይወዳል። ብረቱን ያዳነው ሽፋን በቀለበቱ ላይ ሲሠራ እየተላጠ ይወድቃል፤ ሲላጥም ናሱን ይዞት ይሄዳል። የዘይት አምራቾች ይህን ባሕርይ የሚለኩበት ቀላልና የቆየ ፈተና አላቸው፦ የተወለወለ የመዳብ ቁራጭ በጋለ ዘይት ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት ይዘፈዘፍና ምን ያህል እንደጠቆረ ይታያል። ዘይቱ በጋለ ቁጥር ጉዳቱ ይፈጥናል።

እዚህ ላይ ማጋነን አይገባም። የዛሬዎቹ ቅመሞች ከዱሮዎቹ ይልቅ ለመዳብ የራሩ ናቸው፤ አንድ ጊዜ በስህተት የተጨመረ ጂኤል-5 ካምቢዮውን በሳምንት አያፈርሰውም። ይበልጥ የሚያሳስበው የመጀመሪያው ጉዳይ፣ ማለትም ሰበቃው ነው። የመዳቡን ፈተና በሚገባ ያለፈ ጂኤል-5 እንኳ ለቀለበቱ ከሚገባው በላይ የሚያንሸራትት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ዘይት የያዘ ካምቢዮ በድንገት አይሰበርም፤ ማርሹ ግን ይከብዳል፣ ጠዋት ጠዋት ይጮኻል፣ ቀለበቶቹም ዓመታት ሊያገለግሉ ሲችሉ ቶሎ ያልቃሉ።

ይህ ማለት ጂኤል-5 ለማንኛውም ካምቢዮ ክልክል ነው ማለት አይደለም። ሱባሩ ለማኑዋል ካምቢዮዎቹ ጂኤል-5 ያዛል፤ ምክንያቱም የፊት ዲፈረንሻሉ ከካምቢዮው ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ሆኖ አንድ ዘይት ስለሚጋሩ፣ ሃይፖይዱም ጂኤል-5ን የግድ ስለሚል ነው። ሲንክሮናይዘሮቹ ያን ታሳቢ አድርገው ተሠርተዋል። ብዙ የቶዮታ መመሪያዎችም «ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5» ብለው ሁለቱንም ይፈቅዳሉ። ሞተራቸው በአግድም የተቀመጠ፣ በፊት ጎማ የሚነዱ እንደ ኮሮላ ያሉ መኪኖችም ዲፈረንሻላቸው ከካምቢዮው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የእነሱ የዲፈረንሻል ጥርስ ግን ሄሊካል በመሆኑ ጂኤል-4 ይበቃዋል። ስለዚህ መመሪያው «ጂኤል-4» ብቻ ካለ ጂኤል-5 አይገባም፤ «ጂኤል-5» ካለም በጂኤል-4 መተካት ዲፈረንሻሉን ያጋልጣል። ሁለቱንም ከፈቀደ፣ ለማርሽ አቀያየሩ ልስላሴ ሲባል ጂኤል-4ን መምረጥ ይሻላል።

በገበያ ላይ «ጂኤል-4/ጂኤል-5» ተብለው በሁለቱም ስም የሚሸጡ ዘይቶች አሉ። አንዳንዶቹ በእርግጥ ለሁለቱም ታስበው የተቀመሙ ናቸው። ሌሎቹ ግን ጂኤል-5 ሆነው ሳለ «ጫና መሸከም ከቻለ የጂኤል-4ንም ያሟላል» በሚል ስሌት ሁለተኛ ስም የተለጠፈላቸው ናቸው፤ ስሌቱ ሰበቃውንና መዳቡን ይረሳል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሞተር ዘይት ላይ የሚታየው ክብ የኤፒአይ ምልክት በፈቃድ የሚሰጥ ሲሆን የጂኤል ደረጃዎች ግን አምራቹ ራሱ የሚያውጃቸው መሆናቸው ነው። ስለዚህ ከደረጃው ቁጥር በተጨማሪ «ለማኑዋል ካምቢዮ»፣ «ለሲንክሮናይዘር» የሚል ግልጽ ጽሑፍ ያለበትን መፈለግ፣ ካልሆነም የመኪናው አምራች ስም ወይም የፈቃድ ኮድ የሰፈረበትን መምረጥ ይበጃል። «ኤልኤስ» የሚሉት ፊደላት ያሉበት ዘይት ደግሞ መንሸራተትን ለሚገድብ ልዩ ዲፈረንሻል የተዘጋጀ ነው፤ የሰበቃ ማለስለሻ ስላለበት መመሪያው ካላዘዘ በቀር ካምቢዮ ውስጥ ቦታ የለውም። «ኤምቲ-1» የሚባለው ደረጃ የከባድ መኪኖችና የአውቶቡሶች ነው፤ ሲንክሮናይዘር ለሌላቸው ካምቢዮዎች የወጣ በመሆኑ ወደ ቤት መኪና አይወሰድም።

ከጂኤል ደረጃው ሌላ ዕቃው ላይ የሚታየው ቁጥር የውፍረት ነው። 75ደብሊው-90 የሚለው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር (ኤስኤኢ) መለኪያ ሁለት ነገር ይናገራል። ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ ሲያሳይ፣ ሁለተኛው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው ያመለክታል። 75ደብሊው እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ 80ደብሊው እስከ 26፣ 85ደብሊው ደግሞ እስከ 12 ዲግሪ ከዜሮ በታች የተቀመጠለትን የውፍረት ገደብ ሳያልፍ መቆየት አለበት። የማርሽ ዘይት ቁጥሮችና የሞተር ዘይት ቁጥሮች የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው። 90 የሚለው ቁጥር 40 ከሚለው እጅግ የወፈረ ቢመስልም፣ 75ደብሊው-90 የማርሽ ዘይት ሲግል ውፍረቱ ከ15ደብሊው-40 የሞተር ዘይት ጋር ይቀራረባል። ይህን የማያውቅ ሰው አንዳንድ ፋብሪካዎች ለካምቢዮ የሞተር ዘይት ማዘዛቸውን ሲሰማ ስህተት ይመስለዋል።

የኢትዮጵያ ብርድ ለዚህ ሚዛን ቀላል ነው። በደብረ ብርሃን የክፉ ሌሊት ቅዝቃዜ ከዜሮ ብዙ አይርቅም፤ ለብርዱ ብቻ ከሆነ 80ደብሊውም 85ደብሊውም ይበቃል። በሚኒሶታ ክረምት መኪናውን ደጅ ለሚያሳድር ሰው ግን ልዩነቱ ማርሽ በመግባትና ባለመግባት መካከል ያለው ነው። ያም ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ከንቱ አይደለም። በካምቢዮው ውስጥ ብዙ ጊዜ የዘይት ፓምፕ የለም፤ ማርሾቹ ከታች የተጠራቀመውን ዘይት እየረጩ ኩሽኔታዎቹንና ቀለበቶቹን ያረሰርሳሉ። በማለዳ የከበደ ዘይት ለመረጨት ይዘገያል፤ መኪናው ከቤት ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ማርሹ እንደ ጭቃ ውስጥ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

ትልቁ ፈተና ያለው በሙቀቱ በኩል ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ጭነት ያለው መኪና በዝቅተኛ ማርሽ በሞተር እየተያዘ ይወርድና እንደገና በዝቅተኛ ማርሽ እየጎተተ ወደ ደጀን ይወጣል። በዚያ ሁሉ መንገድ ካምቢዮው ሙሉ ጫና ላይ ነው። በአፋር ቆላ ላይ ደግሞ ከአርባ ዲግሪ የሚያልፈው የአየር ሙቀት ሳጥኑን ለማቀዝቀዝ አይረዳም። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ለዋለ መኪና መመሪያው ከሚፈቅዳቸው ውፍረቶች ከፍ ያለውን፣ ቢቻልም ሲንተቲኩን መምረጥ ተገቢ ነው፤ ሲንተቲክ ዘይት ሲግል ቶሎ አይቀጥንም፣ ቶሎም አይቃጠልም። ከተፈቀደው ዘሎ 140 መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚደረገው የሚያጉረመርም ካምቢዮን ዝም ለማሰኘት ነው። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይቀንሳል፤ የተበላው ኩሽኔታ ግን መበላቱን ይቀጥላል፣ ሲንክሮናይዘሩም ከእሱ ጋር ይጎዳል።

ለማኑዋል ካምቢዮ የሚታዘዘው ሁሉ የማርሽ ዘይት አለመሆኑ ብዙዎችን ያስገርማል። ሆንዳ ለዱሮ መኪኖቹ 10ደብሊው-30 ወይም 10ደብሊው-40 የሞተር ዘይት ያዝ ነበር፤ በኋላ የራሱን ቀጭን የካምቢዮ ዘይት አወጣ። ኢሱዙም ለተለያዩ ማኑዋል ካምቢዮዎቹ የሞተር ዘይት ያዛል። በ1980ዎቹ የተሠሩት እንደ 190 ያሉ የመርሴዲስ የቤት መኪኖች ማኑዋል ካምቢዮ የሚጠቀመው ደግሞ ለአውቶማቲክ የሚሸጠውን ቀዩን ኤቲኤፍ ነው። እነዚህ ካምቢዮዎች ቀለበቶቻቸውና የዘይት መተላለፊያዎቻቸው ለቀጭን ዘይት ተለክተው የተሠሩ ናቸው፤ 80ደብሊው-90 ሲሞላባቸው ማርሽ መግባት እምቢ ይላል። የተገላቢጦሹም ይሠራል፦ 75ደብሊው-90 ለታዘዘለት ካምቢዮ ኤቲኤፍ መጨመር ጥርሶቹን ያለ በቂ መከላከያ ይተዋቸዋል። ቀለሙን አይቶ መፍረድም አይቻልም፤ ቀለም አምራቹ ለመለያ የሚጨምረው ነው። ሞተር ሳይክሎች ብዙውን ጊዜ አንድ ዘይት ለሞተር፣ ለማርሽና በዘይት ውስጥ ለሚሠራው ፍሪሲዮን ይጠቀማሉ፤ ለእነሱ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለው ዘይት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

ታዲያ የትኛው መኪና የትኛውን ይፈልጋል? መልሱ ያለው በመኪናው የባለቤት መመሪያ ውስጥ ነው። ከውጭ አገልግለው በገቡ መኪኖች ላይ መመሪያው ይጠፋል፣ ቢኖርም በጃፓንኛ ወይም በዐረብኛ ሊሆን ይችላል። የዚህ ጊዜ መነሻው የካምቢዮው ኮድ ነው። ቶዮታን በመሳሰሉ መኪኖች በሞተር ክፍሉ ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ያለው የብረት ሰሌዳ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ኮድ ይይዛል፤ በኮዱ አማካይነት ትልልቅ የዘይት አምራቾች ካዘጋጁት መምረጫ ሰንጠረዥ ትክክለኛው ዓይነትና መጠን ይገኛል። የመኪናው ስም ብቻ አይበቃም፤ አንድ ሞዴል በተለያየ ዓመትና አገር የተለያየ ካምቢዮ ሊገጠምለት ይችላል። ካምቢዮው በሌላ የተቀየረ ከሆነ ደግሞ የሚከተሉት የተገጠመውን ካምቢዮ ነው።

የትንሽ መኪና ካምቢዮ የሚይዘው ወደ 2 ሊትር ነው። መመሪያዎች የሚቀየርበትን ጊዜ እንደ ሥራው ክብደት ከ40,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ለታክሲ፣ ለጭነትና ለአቧራማ መንገድ ዝቅተኛውን መያዝ ይገባል። ከሞተር ዘይት ጋር ሲወዳደር ወጪው በዓመታት መካከል የሚመጣ ትንሽ ወጪ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አገር ውስጥ ያሉት ማኑዋል መኪኖች ለረጅም ዓመታት ማገልገል ስላለባቸው ይህን ወጪ መቆጠብ አያዋጣም።

ሲቀየር መኪናው ትንሽ ተነድቶ ዘይቱ መሞቅ አለበት፤ ያኔ ደለሉን ይዞ ይወጣል። አስቀድሞ የሚፈታው የመሙያው ቡሎን ነው። ማፍሰሻውን ፈትቶ ዘይቱን ካፈሰሱ በኋላ መሙያው ዝጎ እምቢ ቢል መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ ይቆማል። በማፍሰሻው ማግኔት ላይ የሚገኝ ጥቁር ግራጫ፣ ሊጥ የመሰለ ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ የብረት ስብርባሪ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ መጎዳቱን ይናገራል፣ በዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ቢጫ ብናኝም የቀለበቶቹ ነው። አዲሱ ዘይት የሚሞላው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ ታችኛ ከንፈር ጋር እስኪስተካከል ነው። አንዱን ጎን ብቻ በክሪክ አንስቶ መሙላት ልኩን ያዛባል። ከልክ ያለፈ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ በዘንጎቹ ማሸጊያ ጎማዎችም ይወጣል። በፊት በኩል ያለው ማሸጊያ ጎማ ካፈሰሰ ዘይቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ያርፍና መኪናው መጎተት ይሳነዋል።

ማርሽ ስለከበደ ብቻ ዘይት መቀየር ግን ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ በቀላሉ እየገቡ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሁሉም እምቢ የሚሉ ከሆነ ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ አለመለቀቅ ነው። ፍሪሲዮኑ በፈሳሽ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚገባው የፍሬን ዘይት ነው፤ ክዳኑ ላይ እንደተጻፈው ዶት 3 ወይም ዶት 4። እዚያ የሞተር ወይም የማርሽ ዘይት ጠብታ እንኳ መግባት የለበትም፤ የነዳጅ ውጤት የሆነ ዘይት የሲሊንደሮቹን ጎማ ያሳብጠዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየሩ ይመከራል።

ኪሎ ሜትር ሳይቆጠር ዘይት የሚቀየርበት አንድ ሁኔታ አለ። ካምቢዮ ከላይ የአየር መተንፈሻ አለው። የጋለ ካምቢዮ ያለው መኪና ጥልቅ ወንዝ ወይም ጎርፍ ሲሻገር ሳጥኑ ድንገት ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ መተንፈሻው በውኃ ከተሸፈነም ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ውኃ የገባበት ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል፤ ኩሽኔታውንም ያዝጋል። ከእንዲህ ዓይነት መሻገሪያ በኋላ የመሙያው ቡሎን ተፈትቶ ዘይቱ መታየት አለበት፤ ነጣ ካለ በዚያው ቀን ይፈሳል፣ በአዲስ ተሞልቶ ጥቂት ከተነዳም በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና ይቀየራል።